ዶሮና ሕፃን በአንድ ጣሪያ ሥር አይደሩ

በደባርቅና በዳባት፥ እንዲሁም በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች፥ ፀሐይ አዘቅዝቃ ብርዱ መውረድ ሲጀምር በብዙ ቤት የሚታየው ነገር አንድ ነው። እናት እሳቱን ታቀጣጥላለች፤ ሕፃኑ በመደቡ ሥር ይድኻል፤ ዶሮዎቹም ማንም ሳይጠራቸው በደጃፉ ተራ በተራ ገብተው ወደ ቆጣቸው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ሰውና ዶሮም አንድ አየር እየተነፈሱ እስኪነጋ ድረስ ያድራሉ። እኔም ራሴ ያደግሁት እንዲህ ባለው ቤት ነው። ከራስጌዬ ትይዩ ካለው ቆጥ ላይ አውራው ዶሮ ሲጮኽ እነቃ ነበር እንጂ ሌላ ሰዓት አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው የሰውን ኑሮ ከሩቅ አይቶ ለመንቀፍ አይደለም፤ ያደግሁበትን ልማድ መርምሬ የደረስሁበትን አሳብ ለመናገር ነው።

አሳቤም በአጭሩ ይኸው ነው፤ ዶሮ ማርባት መልካም ነው፤ ዶሮን ከሰው ጋር ማሳደር ግን ክፉ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዶሮን ፈጽሞ የሚያስወግድ ቤት ከልጁ አፍ እንቁላሉን ይነጥቃል። ዶሮን ከልጁ መኝታ አጠገብ የሚያሳድር ቤት ደግሞ በእንቁላሉ የሰጠውን ጤና በኩሱ መልሶ ይወስዳል። ከሁለቱ ጥፋት የሚያድነው መንገድ ለዶሮ የራሷን ቤት መሥራት ነው።

ስለ ዶሮ ጥቅም ብዙ ማተት አያሻም። የአገራችን ዶሮ እህል ሳይሰፈርላት ከጓሮና ከአውድማ ለቃቅማ ትኖራለች፤ በዓመትም ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ቁጥሩ ጥቂት ቢመስልም እንቁላሉ ተሸጦ ጨው ይገዛበታል፤ ዘይት ይገዛበታል፤ ለተማሪው ደብተርና እርሳስ ይገዛበታል። ይህም ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የቤቲቱ እመቤት ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዝበት ነው። በዓል ሲደርስ በ12 ብልት ተቆርጦ ለማዕድ የሚቀርበው ዶሮ የቤት ክብር መሆኑንም ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ለጀመረ ሕፃን እንቁላል የሚሰጠው ጥቅም ነው። ገላን የሚገነባ ምግብ በትንሽ መጠን ተጠቅልሎ የሚገኝበት እንደ እንቁላል ያለ ነገር በድሃ ቤት ውስጥ ጥቂት ነው። በብዙ ቤት ሕፃኑ በጾም ወራት እንቁላል የሚያጣው ጾም ስለ ተጣለበት አይደለም፤ ድስቱን ፍስክ ይነካዋል በሚል ሥጋት ነው። አንዲት ትንሽ ድስት ለሕፃኑ ብቻ ብትለይለት ይህ ችግር በአንድ ቀን ይወገዳል።

እንግዲህ ዶሮ በየደጁ በሚጭርበት አገር የልጆቻችን ቁመት ስለ ምን ቀነጨረ ብሎ መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 46 የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። የመላ አገሪቱ ቁጥር ከመቶው 38 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ሌላ ጥናትም የክልሉ ቁጥር ወደ 41 ዝቅ አለ እንጂ፥ 37 ከሆነው ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ። መምህራን ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ልጅ በዓይናቸው ያውቁታል፤ ከእኩዮቹ አጥሮ በፊተኛው ወንበር የሚቀመጠው፥ ቶሎ ቶሎ የሚታመመው፥ ፊደሉን ለመያዝ ከሌሎች ይልቅ የሚደክመው ልጅ ነው።

የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው። የምግብ ማነስ አለ፤ የእናት በእርግዝና ጊዜ መጎዳት አለ፤ የውኃ አለመጽዳትና የተደጋገመ ሕመም አለ። ዶሮ ብቻዋን ልጆቻችንን አሳጠረች የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ነገር ግን ከምክንያቶቹ መካከል በገዛ እጃችን፥ ከሩቅ እርዳታ ሳንጠብቅ ልናስወግደው የምንችለው አንዱ ይህ የማደሪያ ነገር ስለ ሆነ ሊታሰብበት ይገባል።

ሄዲና ሂርቮኔን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ገጠር ቤተ ሰቦች የተሰበሰበውን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ያገኙትም ነገር ሁለት ፊት ያለው ነው። ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች ዶሮ ከሌላቸው ይልቅ በቁመት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ሌሊት ዶሮዎቻቸውን በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ የሚያሳድሩት ቤተ ሰቦች ልጆች ግን በቁመት ያነሱ ሆኑ። እንዲህ ያለው ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ አንዱ ሌላውን እንደሚያመጣ ብቻውን ቆርጦ አያስረዳም። ሆኖም ስለ ተሐዋስያን ከምናውቀው ጋር አስተያይተን ብንመለከተው ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማየት አያዳግትም።

በዶሮ አንጀት ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ተሐዋስያን ይኖራሉ። ዶሮዋን ብዙውን ጊዜ አያሳምሟትም፤ ስለዚህ ባለቤቷ ጤነኛ ናት ብሎ አይጠራጠራትም። ተሐዋስያኑ ግን ከኩሷ ጋር ይወጣሉ። ሌሊቱን ከቆጡ ሥር የወደቀው ኩስ በአፈሩ ወለል ላይ ይረገጣል፤ ከፊሉ በእግር ወደ መደቡና ወደ ምድጃው ይዛመታል፤ ከፊሉም ጧት በመጥረጊያ ሲጠረግ ከአቧራው ጋር ይነሣል። ወለሉ የታጠበና የተለቀለቀ ቢመስልም እንኳ ሕፃን ልጅ ወለሉን የሚያውቀው በመዳፉና በጉልበቱ ነው። መዳፉን ወደ አፉ ይወስዳል፤ የወደቀችውን የእንጀራ ቁራሽ አንሥቶ ይጎርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም አፈሩን ራሱን ይቀምሳል። በዚምባብዌ ገጠር የሕፃናትን ውሎ ከአጠገብ ሆነው የተመለከቱ ተመራማሪዎች፥ የሚድኹ ሕፃናት የዶሮ ኩስ ከመሬት አንሥተው ወደ አፋቸው ሲያደርሱ በዓይናቸው አይተዋል። እናት ቸል ብላ አይደለም፤ አንድ ሰው እህል እየፈጨ፥ ውኃ እየቀዳ፥ እንጀራ እየጋገረ የሚድኽ ሕፃንን እጅ ሁልጊዜ ሊጠብቅ አይችልም።

ተሐዋስያኑ በሁለት መንገድ ይጎዳሉ። የመጀመሪያው የሚታየው ነው፤ ተቅማጥ፥ ቁርጠትና ትኩሳት። ሁለተኛው የማይታየው ነው። ልጁ ሳያስቀምጠው፥ ሳይተኛም፥ አንጀቱ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይቆጣል፤ ምግብን መጥጦ ወደ ደም የሚያሳልፈው ስስ ሽፋን ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ልጅ መመገብ በቀዳዳ ስልቻ እህል እንደ መጫን ነው። የተጫነው ብዙ ነው፤ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ወላጆቹም ልጃቸው እየበላ ስለማይፋፋ ይጨነቃሉ፤ ምክንያቱን በዓይነ ጥላ ወይም በሰው ዓይን ያደርጉታል፤ ከቆጡ ሥር ያለውን ግን አይመለከቱትም። በዚህ ላይ የቅንቅኑን ማሳከክና ከኩሱ የሚነሣውን ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ሽታ ስንጨምርበት፥ ዶሮ ያደረበት ቤት ለሕፃን የማይበጅ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ይህን ምክር መስማት ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖች፥ የነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞች ሥልጠና ተጀመረ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ልደትንና ሞትን በየቤቱ እየተከታተለ የሚመዘግብ የጥናት ማዕከል አቋቁሟል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የቤትና የአካባቢ ንጽሕናን ከዋና ትምህርቶቹ አንዱ አድርጎ ሲያስተምር ቆይቷል። ከብቶች ከሰው መኖሪያ እንዲለዩ በብዙ ቤት ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷል። ዶሮ ግን ትንሽ ስለ ሆነች ተዘነጋች። በሬው ወደ በረት ወጣ፤ አህያው ወደ ውጭ ወጣ፤ ዶሮዋ ግን በቆጧ ቀረች። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ለሕፃኑ የምትቀርበው እርስዋ ነበረች።

ነገር ግን የባለ ቤቱን ምክንያት ሳያዳምጡ መምከር ከንቱ ነው። ዶሮን ወደ ቤት ያስገባት ስንፍና አይደለም፤ ሦስት እውነተኛ ሥጋቶች ናቸው። አንደኛው ብርድ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ስትሆን፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ሁለተኛው አውሬ ነው። ሸለምጥማጥ በአንዲት ሌሊት የአንድን ቤት ዶሮ ሁሉ አንገት በአንገት ቀንጥሶ ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛው ሌባ ነው፤ በተለይም የበዓል ዋዜማ ሲቃረብ። እነዚህን ሦስቱን የማይመልስ የዶሮ ቤት ለታይታ የተሠራ ነው። ባለቤቲቱም በመጀመሪያው የጠፋት ዶሮ ምክንያት የተረፉትን ወደ ቤቷ ትመልሳለች፤ ትክክልም ናት።

ስለ ብርዱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አድጋ ላባዋ የሞላ ዶሮ ደረቅ ቦታ ካገኘችና በቀጥታ የሚመታት ነፋስ ከሌለ የደጋውን ብርድ ትችለዋለች። የሚገድላት እርጥበትና ሽው የሚል ነፋስ ነው። ጫጩቶች ግን ሙቀት ይፈልጋሉ፤ እነርሱንም እናታቸው በክንፏ ሥር ታሞቃቸዋለች፤ ከበታቻቸው ወፍራም ደረቅ ጭድ ቢነጠፍላቸው ይበቃቸዋል።

ስለዚህ ለአሥር ዶሮዎች የሚሆን ቤት ለመሥራት የሚከተለውን ማድረግ ይገባል፤

1ኛ፤ ስፍራው ከመኖሪያው ቤት ቢያንስ አሥር እርምጃ ያህል የራቀ፥ ከውኃ ጉድጓድና ከማድ ቤት በታች በኩል የሆነ ይሁን። ነገር ግን ሌሊት ቢንጫጩ ድምፃቸው እንዲሰማ ከዚህ እጅግ አይራቅ። ውሻ ያለው ሰው የውሻውን ማደሪያ ከአጠገቡ ቢያደርገው ከሌባም ከአውሬም ይጠብቃል።

2ኛ፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ይበቃል። ወለሉ በአራት ጠንካራ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። እንጨቱ ጥቅጥቅ ብሎ ተረብርቦ በጭቃ ይመረግ፤ በላዩም አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ጭድ ይነጠፍ።

3ኛ፤ ግድግዳው እንደ ሰው ቤት በማገርና በጭቃ ይሠራ፤ በተለይ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ምንም ቀዳዳ አይኑረው። ከነፋስ ተቃራኒ በሆነው ግድግዳ ላይ ግን ከጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር የሚሆን የአየር መግቢያ ይተው፤ እርሱም ጣት በማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። አየር ፈጽሞ የታፈነበት ቤት ከብርዱ ይልቅ ይጎዳል።

4ኛ፤ በሩ ወደ ምሥራቅ ቢሆን የጧት ፀሐይ ይገባበታል፤ ጭዱም ይደርቃል። በሩ ሰው ጎንበስ ብሎ ለመጥረግ የሚያስችለው ይሁን። ማጽዳት የሚያስቸግር ቤት አይጸዳምና። መቀርቀሪያና ቁልፍ ይደረግለት።

5ኛ፤ ለእያንዳንዷ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቆጥ ያስፈልጋታል። ቆጦቹ ሁሉ በአንድ ከፍታ ይሁኑ፤ አለዚያ ላይኛውን ለመያዝ ሲጣሉ ያድራሉ። ለየአራትና ለየአምስት ዶሮ አንድ ጨለም ያለ፥ ጭድ የተነጠፈበት መጣያ ይዘጋጅ፤ ሰባራ ገንቦም ለዚህ ይሆናል።

6ኛ፤ ጣሪያው ሣርም ቢሆን ቆርቆሮም ቢሆን፥ የክረምቱ ዝናም ወደ ውስጥ እንዳይረጭ ክፈፉ ወጣ ይበል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በአካባቢያችን ከሚገኝ እንጨት፥ ጭቃና ጭድ ነው። ገንዘብ የሚያስወጣው የሽቦ ወንፊቱ፥ ምስማሩና ቁልፉ ነው። ሥራውም ለሁለት ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ይህን ለመሥራት የሚያመነታ ሰው ልጁን ወደ ሐኪም ለመውሰድ ያወጣውን ገንዘብና ያጠፋውን ቀን ይቁጠር።

ቤቱን መሥራት ግን የነገሩ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ትምህርት አለ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ዳርቻ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ አንድ ጥናት፥ በየደጁ የሚዞሩትን ዶሮዎች በአጥር ውስጥ ማዋል የልጆችን ሕመም ይቀንስ እንደ ሆነ ተፈትኖ ነበር። ውጤቱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ፤ አጥር በተሠራላቸው ቤቶች በካምፒሎባክተር የሚመጣው ተቅማጥ ቀርቶ አልተገኘም፤ እንዲያውም በዝቶ ተገኘ። ይህ ዶሮን መለየት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ኩሱ በአንድ ስፍራ ሲከማች፥ ያም ስፍራ ለቤቱ ቅርብ ሲሆንና ልጆች እየገቡ ሲጫወቱበት ጉዳቱ ሊብስ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ነው። ስለዚህ የዶሮ ቤት ከቤት የራቀ፥ ዘወትር የሚጠረግ፥ ለልጆችም መግቢያ የሌለው ሊሆን ይገባል።

የዘወትሩ ሥርዓት ከባድ አይደለም። ጧት ዶሮዎቹ ከወጡ በኋላ ኩሱና የረጠበው ጭድ ይጠረጋል፤ በስፍራው አመድ ይነሰነሳል። አመዱ ወለሉን ያደርቃል፤ ቅንቅንንም ይቀንሳል። ኩሱ ከጓሮው ዳር በተቆፈረ ጉድጓድ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተቀብሮ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ለድንቹና ለጎመኑ ዓይነተኛ ፍግ ይሆናል። የጠረገው ሰው እጁን በሳሙና፥ ሳሙና ቢያጣ በአመድና በውኃ ይታጠባል። ዶሮዎች ቀን ወደ ቤት እንዳይገቡ ለደጃፉ ዝቅ ያለ መከለያ ይደረግለታል። ሕፃኑም በአፈሩ ላይ እንዳይውል ዘወትር የሚታጠብ ምንጣፍ ወይም ቁርበት ይለይለታል። እንቁላል ጥሬውን መድኃኒት ነው ተብሎ ለልጅ አይሰጥ፤ አስኳሉ እስኪጠና ድረስ ይቀቀል።

የዶሮ ቤት ለዶሮዋም ጤና ይበጃታል። ፈንግል የሚባለው መቅሠፍት ገብቶ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ሲፈጅ ያላየ ሰው በአገራችን የለም። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከገበያ በመጣ ዶሮ ነው። አዲስ የተገዛችው ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ብትቆይ፥ ሌሎቹም በወቅቱ ቢከተቡ ጉዳቱ እጅግ ይቀንሳል። ክትባቱ በቢሾፍቱ በአገራችን የሚመረት ስለ ሆነ፥ ጎረቤታሞች ተሰብስበው የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ቢጠይቁ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ቤት ዶሮ ይበቃል። ዶሮዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው ሲያድሩ ለመከተብም ሌሊት መያዝ ይቀላል። በበሽታ የሞተችውንም ዶሮ ወደ መንገድ ወይም ወደ ገደል መጣል ነውር ነው፤ በጥልቅ ጉድጓድ ልትቀበር ይገባታል።

ከከተማ ነዋሪዎች መካከል ቱርክ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሳይ ወፍ ለማርባት የሚመኙ አሉ። ምኞቱ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። መጀመሪያ፥ ቱርክ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ወፍ ሲሆን እንቁላሉ የሚፈለፈለው እንደ ዶሮ በ21 ቀን ሳይሆን በ28 ቀን ነው፤ ጫጩቶቹም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርድና እርጥበት እጅግ ይጎዳቸዋል። ለደባርቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፥ ቱርክን ከዶሮ ጋር በአንድ ቤት ማሳደር ወይም ዶሮ በኖረበት ስፍራ ማሰማራት አይገባም። ዶሮ በአንጀቷ ትል አማካይነት የምትሸከመው፥ እርስዋን እምብዛም የማይጎዳት፥ የቱርክን ጉበትና አንጀት ግን አበላሽቶ የሚገድል በሽታ አለ። በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የሚያመጣው ጉዳት በሰውና በዶሮ መካከል ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። ስለዚህ ለዶሮዎቹ ደኅና ቤት ያልሠራ ሰው ቱርክ ለመግዛት አይቸኩል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆንበት።

የከተማው ሰው ይህ ጽሑፍ ለገጠሩ ብቻ የተጻፈ ነው ብሎ እንዳያልፈው እለምናለሁ። በእንቁጣጣሽ፥ በገናና በፋሲካ ሰሞን በስንቱ የከተማ ቤት አውራ ዶሮ በእግሩ ታስሮ ከማድ ቤቱ ጥግ ወይም ከአልጋው እግር ሥር ሁለትና ሦስት ቀን ይሰነብታል! በተከራየ አንድ ክፍል የሚኖር ሰው ቤት የመሥሪያ ቦታ የለኝም ይል ይሆናል፤ እውነቱንም ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ከደጅ የሚሰቀል ወይም ከግድግዳ የሚደገፍ የሽቦ ሣጥን ይበቃዋል፤ እርሱንም ካጣ ዶሮውን በዋዜማው ይግዛ። ዶሮው የታረደበትና የተበለተበት ጣውላና ቢላዋም ሰላጣና ሽንኩርት ከመከተፉ በፊት በፈላ ውኃና በሳሙና ይታጠብ።

አሁን ንግግሬን ወደ መምህራን ልመልስ። በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች ካሉት የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ወደ እያንዳንዱ ቤት በልጁ አማካይነት በየቀኑ የሚገባው መምህር ነው። የጤና ሠራተኛዋ አንድን ቤት የምትጎበኘው በተራው ነው፤ ተማሪው ግን በየምሽቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መምህሩ በአንድ ጧት፥ «ትናንት ማታ ዶሮዎቻችሁ የት አደሩ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ከዚያም ልጆቹ መልሱን በሠንጠረዥ እንዲጽፉ ቢያደርግ፥ የንጽሕና ትምህርትና የሒሳብ ትምህርት በአንድ ሰዓት ተሰጠ ማለት ነው። ለአሥር ዶሮ ስንት ሜትር ቆጥ ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፍ ከተቀዳ የማባዛት ጥያቄ አያንስም። በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ የዶሮ ቤት ለምሳሌ ቢሠራ ደግሞ ወላጆች ለስብሰባ ሲመጡ ዓይተው መለካት ይችላሉ። ሰው የሰማውን ይረሳል፤ የለካውን ግን ይሠራል።

ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ መምህሩ የራሱን ቤት ይመልከት። የራሱ ዶሮ ከአልጋው ሥር እያደረች የሌላውን ቆጥ የሚነቅፍ መምህር ተማሪዎቹ ይስቁበታል። ባሎችም አንድ ነገር ያስቡ። ዶሮ የእመቤት ሀብት ነው ተብሎ የዶሮ ቤቱም ሥራ ለእርስዋ ከተተወ ነገሩ አይፈጸምም። እርስዋ ሌላ ብዙ ሥራ አለባት። እንጨቱን መቁረጥ፥ ጭቃውን ማቡካትና በሩን መግጠም የባል ድርሻ ይሁን፤ ጠረጋውንም ልጆች ተራ ገብተው ይሥሩት።

አባቶቻችን ዶሮን ከቤታቸው ያስገቡት ሀብታቸውን ለመጠበቅ ነው፤ በዘመናቸው ተሐዋስያንን የሚያሳይ መሣሪያ አልነበራቸውምና አንወቅሳቸውም። እኛ ግን ዛሬ አውቀናል። ዐውቆ የሚተው ሰው ካለማወቅ ከሚሳሳተው ይልቅ ተጠያቂ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለውን ምክር በአፋችን ብቻ ሳይሆን በእጃችን እንፈጽመው። መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት፥ ጭቃው ሳይረጥብና መንገዱ ሳይበላሽ፥ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለዶሮዎቹ ቤት ይሥራ። አውራው ዶሮም እንደ ቀድሞው ሌሊቱን ይጩኽ፤ ግን ከደጅ ሆኖ ይጩኽ። ሕፃኑም በንጹሕ ወለል ላይ ይዳኽ፤ የዶሮዋንም እንቁላል በልቶ ይደግ።